በነፃ የመጣው ሐዲስ ኪዳን፤ ከመስመሩ በታች ያለውስ?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው የምኖረው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የእንግሊዝኛ ሐዲስ ኪዳን ይዛልኝ መጣች። ባይብልስ ፎር አሜሪካ የሚባል አገልግሎት በነፃ ነው የሰጣት። እንግሊዝኛዬንም አሻሽልበታለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ግን ከሥር ያለው ማብራሪያ ግራ አጋባኝ። ክርስቶስ ከትንሣኤ በኋላ መንፈስ ሆነ የሚል አገኘሁ። ሰው አምላክ ይሆናል ብለው እንደሚያስተምሩም ሰማሁ። አንዷ ጓደኛዬ «በነፃ የሚታደል መጽሐፍ ቅዱስ ወጥመድ ነው፣ አቃጥይው» አለችኝ። ሌላዋ «የእግዚአብሔር ቃል እንዴት ይቃጠላል!» ብላ ጮኸችባት። እኔ መሐል ቀረሁ። መቀበሌ ኃጢአት ነው? ምን ላድርገው?

መልስ፦

እኅቴ፣ አታቃጥይው። ይሄን አስቀድሜ ልበልና ወደ ሌላው ልሂድ።

ጥያቄሽ ሲደርሰኝ መጽሐፉን አምጪው ብዬሽ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል ግቢ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን አብረን አየነው። ተመሳሳይ ነገር የሚጠይቁኝ ሌሎችም ስላሉ ነው መልሱን እዚህ የምጽፈው።

አንደኛ ቆሮንቶስ 15ን ከፈትሽልኝ። ላይኛው ክፍል የሐዋርያው ቃል ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ። ቀጥሎ ደቃቃ ጽሑፍ እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። በጣቴ ለካሁት። የጳውሎስ ቃል ሁለት ጣት ያህል ሲሆን ማብራሪያው አራት ጣት አለፈ። ቁጥር 45 ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርገሻል። ጥሩ አድርገሻል።

ጓደኛሽ «በነፃ» የሚለው ላይ ተጣብቃለች። ነፃ መሆኑ ምንም ችግር የለውም። ጌታም «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ» ብሏል። ጌዴዎኖች የሚባሉት ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ በየሆቴሉና በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ በነፃ ያድላሉ፣ ቃሉን ብቻ። በአማርኛ የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም የውጭ ሰው ገንዘብ አለበት። የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባለው የእኛው አገር ሰው ነው፣ ካይሮ ተቀምጦ። የገዛውና በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ያሳተመው ግን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ያ ማኅበር በ1804 ሲቋቋም አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ መጽሐፉ ያለ ማብራሪያና ያለ ሐተታ ይታተም። ለምን? ብዙ ዓይነት ክርስቲያን ነው ገንዘቡን ያዋጣው። ሐተታ ከተጨመረ የማን ሐተታ ይሁን የሚለው ጠብ እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ ራሳቸው ከመስመሩ በታች ያለው ነገር ሌላ ጉዳይ መሆኑ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ የአንቺ ጥያቄ መሆን ያለበት «ማን ሰጠኝ?» ሳይሆን «ከመስመሩ በታች የሚያወራኝ ማነው?» ነው።

የሚያወራሽ ዊትነስ ሊ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ተወለደ። የታወቀው የቻይና ሰባኪ የዎችማን ኒ የሥራ ባልደረባ ነበር። በ1949 ወደ ታይዋን ሄደ፣ በ1962 አሜሪካ ገባ፣ በ1997 አረፈ። ሪከቨሪ ቨርዥን የሚባለው ይህ ትርጉም ሐዲስ ኪዳኑ በ1985፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ከነማብራሪያው ደግሞ በ2003 ወጣ። አሳታሚው አናሃይም፣ ካሊፎርኒያ ያለው ሊቪንግ ስትሪም ሚኒስትሪ ነው። እነዚህን ዓመታት የምነግርሽ ለማስፈራራት አይደለም። የምታነቢው ሐተታ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ሰው ሐተታ መሆኑን እንድታውቂ ነው። የእኛ አንድምታ «አንድም» እያለ የስንቱን መምህር ቃል ደርድሮ ያስቀምጥልሻል። እዚህ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

ስሙንም ልብ በይ። ሪከቨሪ ማለት የጠፋን ነገር መልሶ ማግኘት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ብዙ እውነት ጥላ ኖራለች፣ ጌታ አሁን ቀስ በቀስ እየመለሰው ነው የሚል አሳብ አለበት። በአንድ ከተማ መኖር ያለባትም አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ስሟም የከተማው ስም ብቻ ይሁን ይላሉ የዊትነስ ሊ ተከታዮች። እንግዲህ ሐዋሳ ላይ አስቢው! እኛ ግን «የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» የሚለውን ይዘን ነው የምንሄደው። ሊጠፋ ያልቻለን ነገር ፈልጎ የሚያመጣ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዋናው ሌላ ነው።

ዋናው ያቺ የጥያቄ ምልክት ያደረግሽባት ቁጥር ናት። «ኋለኛው አዳም ሕይወትን የሚሰጥ መንፈስ ሆነ» ይላል ጳውሎስ። ዊትነስ ሊ ከዚህ ተነሥቶ ክርስቶስ በትንሣኤው ሕይወት ሰጪው መንፈስ ሆነ ብሎ ያስተምራል። ኢሳይያስ 9 ላይ ወልድ «የዘላለም አባት» ተብሏልና ወልድ አብ ተብሎ ይጠራል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥17 ላይ «ጌታ ግን መንፈስ ነው» ተብሏልና ጌታ መንፈስ ነው ይላል። ሦስቱን ጥቅስ አንድ ላይ ስታስቀምጪያቸው ምን ይመስላል? አንዱ አካል ሦስት ስም እየቀያየረ የመጣ ይመስላል። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሰባልዮስ በሦስተኛው መቶ ዘመን ያለው ነው፣ አባቶችም አውግዘውታል።

ሐቁን ለመናገር ግን ተከታዮቹ ሰባልዮሳውያን አይደለንም፣ ሦስቱ ከዘላለም አብረው ይኖራሉ ብለን እናምናለን ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ምዕራባውያኑ ራሳቸው ተከፋፍለዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ከ60 በላይ የወንጌላውያን ምሁራን ይህን የመሰለ አባባል እንዲተዉ በይፋ ደብዳቤ ጠየቋቸው። በ2009 ደግሞ ለዓመታት ሲቃወሟቸው የነበረው የክርስቲያን ጥናት ተቋም መሪ ሃንክ ሃኔግራፍ «ተሳስተን ነበር» ብሎ አሳተመ። (ይኸው ሰውዬ በ2017 ራሱ ወደ ግሪክ ኦርቶዶክስ ገባ። እንዲያው ስለሚገርመኝ ነው።) ስለዚህ ማንንም «መናፍቅ» ብለሽ ከመጮህሽ በፊት እነሱ የሚሉትን እነሱ እንዳሉት ጥቀሺ። ክርክሩ ግን የእነሱ ነው፤ እኛ የራሳችን ሚዛን አለን።

ሚዛኑ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ወርዶ ቆመሽ የምታስታውሺው ነገር ምንድን ነው? ወልድ ዮርዳኖስ ውስጥ ቆሟል። አብ ከሰማይ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ይላል። መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ሦስት አካላት። ልብስ እየቀየረ የሚመጣ አንድ አካል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ማን ለማን ነበር የተናገረው?

ስለዚህ ነው በሰንበት ትምህርት ቤት የሥላሴ ምሳሌ ፀሐይ የሆነችው። ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ ሦስቱም አብረው ናቸው። አንዳንድ ሰው ውሃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት ብሎ ያስረዳል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ብያለሁ፣ የኔታ አፌን አስያዙኝ። ምክንያቱም በረዶው ካልቀለጠ ውሃ አይሆንም። አንዱ የሚመጣው ሌላው ሲጠፋ ነው። ያቺ ምሳሌ ሳታስቢው ሰባልዮስ ቤት ታስገባሻለች።

ታዲያ «የዘላለም አባት» ምንድን ነው? ለእኛ ነው አባትነቱ። በጥምቀት ወልዶናል፣ በሥጋው በደሙ ይመግበናል። ሐዋሳ ውስጥ ሁሉም ሰው መነኩሴውን «አባ» ይላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን መነኩሴው የእናቴ ባል ነው የሚል የለም! ከአብ ጋር ባለው ነገር ግን ወልድ ወልድ ነው፣ አይፋለስም። ቁጥር 45ም ቢሆን ምዕራፉ በሙሉ ስለ ትንሣኤ ሥጋ ነው። ፊተኛው አዳም ሕይወትን ተቀበለ፤ ኋለኛው አዳም ሕይወትን ይሰጣል። ጳውሎስ የሚያነጻጽረው ሁለቱን አዳሞች ነው እንጂ ወልድ ሦስተኛው አካል ሆነ እያለ አይደለም። ዮሐንስ 14 ላይ ጌታ ራሱ «ሌላ አጽናኝ ይሰጣችኋል» አለ። «ሌላ» የምትለዋን በሰማያዊ እስክሪብቶሽ አስምሪባት።

ሰው አምላክ ይሆናል የሚለው ሌላው ነገር ደግሞ ይገርምሻል። እዚህ ላይ ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን ከእኛ በላይ ነው የደነገጡት። ቅዱስ አትናቴዎስ «እኛን አማልክት ያደርገን ዘንድ ሰው ሆነ» ብሎ ጽፏል። አትናቴዎስ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ቀብቶ ወደ እኛ የላከው እሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስትሰሚ አትደንግጪ። ጥያቄው «እንዴት?» ነው። እኛ በጸጋ እንላለን። በጸጋ ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች እንሆናለን፣ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4። ዊትነስ ሊ ግን ሰው በሕይወትና በባሕርይ አምላክ ይሆናል፣ በመለኮትነቱ ግን አይደለም ይላል። መጨረሻ ላይ አጥር አበጅቷል፤ ሰው ይመለካል አላለም። ያቺ «በባሕርይ» የምትለዋ ቃል ግን ለእኛ ቀላል ቃል አይደለችም። በዚህች አገር ጸጋና ባሕርይ በሚሉ ቃላት ስንት ዘመን ተከራክረናል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው እስኪያከራክሩ ድረስ ደርሷል። ተርጓሚ ሳይኖር ከእንግሊዝኛ የሚመጣ «ኔቸር» (ባሕርይ) ዝም ብሎ አይዋጥም።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ይህ አገልግሎት የመለኮትና የትስብእት (የሰውነት ባሕርይ) «መቀላቀል» የሚል ቃል ይወዳል። እነሱ ሦስተኛ ባሕርይ አይፈጠርም ብለው ያስረዳሉ፣ ልክ ነው። አንቺ ግን ተዋሕዶ ነሽ። ካህኑ ሥጋውን ደሙን ከማቀበሉ በፊት የሚለውን አልሰማሽም? «ዘእንበለ ቱሳሔ»፤ ያለ መቀላቀል። ምዕራባውያን ለዘመናት ሲከሱን የኖሩት «ቀላቅላችኋል» እያሉ ነው። አሁን እኛ ያላልነውን ቃል ከግርጌ ማስታወሻ አንሥተን በአፋችን ብንይዘው ያሳዝናል። የወተትና የቡና ነገር አይደለም ተዋሕዶ። አባቶች የጋለ ብረት ይሉታል፤ ብረቱ ብረትነቱን፣ እሳቱ እሳትነቱን ሳይለቅ አንድ ይሆናሉ።

እንግዲህ ምን ታድርጊው? ሐዲስ ኪዳኑ 27ቱ መጻሕፍት ያው ናቸው፣ ስለ 81ዱ እዚህ አንከራከርም። ለእንግሊዝኛ ከፈለግሽው ከመስመሩ በላይ ያለውን አንብቢ፣ የተለየ የመሰለሽን ቃል ከአማርኛው ጋር አስተያዪው። ለጸሎትና ለጥናት ግን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስሽን ያዢ። ማብራሪያውን ለብቻሽ አትቀመጪበት። ጃንደረባው እንኳ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ይዞ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። ፊልጶስ መጽሐፉን አልቀማውም። አጠገቡ ወጥቶ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ እኛንም ልውቀስ። አንድ ወጣት ለምን ከአናሃይም የመጣ ማብራሪያ ላይ ይቀመጣል? አንድምታው ታትሞ እንኳ ስንቱ ቤት አለ? ስንቶቻችን ነን ሐዋርያው ምን አለ ብላችሁ ስትጠይቁን ጊዜ ሰጥተን የምናስረዳችሁ? እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጠየቀኝን ልጅ «በኋላ» ብዬው ረሳሁት። ተመልሶ አልመጣም።

ከሁሉ አስቀድመሽ የአክስትሽን ልጅ መጽሐፉን ስለሰጠችሽ አመስግኚያት። አሞራ ገደል ወስደሽ ዓሣ ጋብዣት። ክርክር አትክፈቺ፤ ከጠየቀችሽ የዮርዳኖሱን ንገሪያት፣ ይበቃል። ስለ ኃጢአቱ፦ መጽሐፍ መቀበልሽ ኃጢአት አይደለም፤ ልብሽ ካላረፈ ግን ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው።

ቅዳሜ 10 ሰዓት ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንደኛ ቆሮንቶስ 15ን ከአንድምታው ጋር እናነባለን። ያን መጽሐፍም ይዘሽው ነይ። ጓደኞችሽንም ሁለቱንም።