ኮሎራዶ በበረሃ መካከል ውኃውን ከየት ያገኛል?

ጥያቄ፦ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ አዘውትሬ የማቋርጥ ሰው ነኝ። ዓባይ የጮቄን ዝናብ ይዞ እንደሚወርድ አውቃለሁ። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን በተባለው ሸለቆ የሚያልፈው ኮሎራዶ ግን ዝናብ በሌለበት አገር ሳይደርቅ የሚፈስሰው እንዴት ነው? ገደሉስ በደረጃ የተጠረበ የሚመስለው ለምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከደጀን

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ውኃው የበረሃው አይደለም። ኮሎራዶ የሚነሣው ከሮኪ ተራሮች ሲሆን፣ በብርዱ ወራት በዚያ የተከመረው በረዶ ሙቀት ሲገባ እየቀለጠ ወንዙንና እንደ ግሪን ያሉትን ገባሮቹን ይሞላል። ዓባይ በነሐሴ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ኮሎራዶም ግድቦች ሳይሠሩበት በፊት በግንቦትና በሰኔ ይሞላ ነበር።

ሸለቆው 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ወንዙ ይህን ያህል የቆፈረው የኮሎራዶ አምባ ከፍ ከፍ በማለቱ ቁልቁለት ስላገኘና አሸዋና ጠጠር እየጎተተ አልጋውን ስለፋቀ ነው፤ አብዛኞቹ የሥነ ምድር ሊቃውንት የዋናውን ቁፋሮ ዕድሜ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት ይገምቱታል።

ደረጃ መሰሉ ቅርጽ ግን የድንጋዩና የድርቀቱ የጋራ ሥራ ነው። ከጭቃ የተጋገረው ለስላሳ ድንጋይ ተሸርሽሮ ተዳፋት ሲሆን፣ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የኖራ ድንጋይ በዝናባማ አገር በውኃ ይሟሟል እንጂ እንዲህ አይጸናም። በዓባይ ገደልም ሁለቱ ድንጋዮች አሉ፤ ሆኖም ከላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጭኗቸዋል፣ የክረምቱ ዝናብም አፈሩን እያራሰ ያንሸራትተዋል። እርስዎ የሚመላለሱበት አስፋልት የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚሁ መንሸራተት ነው።

የሸለቆው ስፋት፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ የወንዙ ሥራ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ እስከ 29 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው፣ ድንገተኛ ጎርፍና የድንጋይ ናዳ ዳርቻውን ስለሚበሉት ነው። አምባው ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል በሰሜኑ በኩል የሚወርደው ዝናብና በረዶ ወደ ገደሉ ይገባል፤ በደቡቡ በኩል ያለው ግን ከገደሉ ይሸሻል። ስለዚህ የሰሜኑ አፋፍ ከወንዙ ይበልጥ ርቆ ይገኛል፤ ከፍታውም ከደቡቡ አፋፍ በ300 ሜትር ያህል ይበልጣል።

ዛሬ ወንዙ የቀድሞውን ያህል ደለል አይሸከምም። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሸለቆው በላይ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ ደለሉን ስለሚያስቀር፣ ከግድቡ ሥር ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውኃ ይወጣል፤ በዚህም ሳቢያ በወንዙ ዳር ያለው አሸዋ እየተመናመነ በመሄዱ፣ ከ1996 ወዲህ አልፎ አልፎ ከግድቡ ሆን ተብሎ ብዙ ውኃ ይለቀቃል።