የመጠበቂያ ክፍሉ የእንጨት ግድግዳ ከሥሩ ሲያብጥ

የተመላላሽ ሕክምና መስጫ ሕንፃ የሚያስተዳድሩ አንባቢ የላኩት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጠበቂያ ክፍላቸው ታካሚን የሚያረጋጋና ተፈጥሮን የሚያስታውስ እንዲሆን አንዱን ግድግዳ በእንጨት ርብራብ አልብሰው፣ ማዕዘኑ ላይ ውሃ በድንጋይ ላይ የሚንቆረቆርበት ፏፏቴ አቁመው፣ ዙሪያውን ተክል አድርገውበታል። ዓመት ሳይሞላው ርብራቡ ከወለሉ ጀምሮ እስከ 25 ሴንቲሜትር ከፍታ አብጧል፤ እብጠቱ ፏፏቴው አጠገብ ይብሳል፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይጠፋል። ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት፣ በተለይ ከዕረፍት ቀን በኋላ፣ የሻጋታ ሽታ አለ። አንድ ሠራተኛ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ከሥር በሲሊኮን ቢዘጋውም በጥቂት ወራት ተመልሷል። ከግድግዳው ጀርባ ሽንት ቤት ስላለ ቧንቧ አፍስሶ እንደሆነ፣ ግድግዳውስ መፍረስ እንዳለበት ይጠይቃሉ።

ግድግዳውን ገና አያፍርሱ። የእኔ ጥርጣሬ ፏፏቴው ላይ እንጂ ቧንቧው ላይ አይደለም። የሚያፈስ ቧንቧ ቢኖር ኖሮ እርጥበቱ የሚበረታው ቧንቧው ባለፈበት ቦታ ነበር፤ የእርስዎ እብጠት ግን ከፏፏቴው ተነሥቶ እየሳሳ ይሄዳል። የወለል መወልወያ ውሃም ብቻውን ቢሆን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያበላሸው ነበር። ለማረጋገጥ ከፏፏቴው አጠገብ ያሉትን ዘንጎች በባትሪ ብርሃን ከጎን እያበሩ ይመልከቱ፤ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ነጭ ነጠብጣብ ካገኙ፣ እሱ የውሃ ፍንጣቂ ደርቆ የተወው ኖራ ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባትዎ በፊት ግን አሁኑኑ የፏፏቴውን ፓምፕ ከሶኬት ይንቀሉ። ይህን የምለው ለእንጨቱ ብዬ አይደለም። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውሃ ውስጥ በደንብ ይራባል፤ በክፍል ሙቀት የሚዞር፣ በፓምፑና በጌጥ መብራቱ የሚሞቅ ውሃ ይመቸዋል። ውሃው ድንጋይ ላይ ሲፈነጠር በዓይን የማይታይ የውሃ ብናኝ ይሆናል፤ ሰው ያንን ሲተነፍስ ከባድ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በአንድ ሆስፒታል የተተከለ የጌጥ ውሃ ግድግዳ 8 ሰዎችን በዚህ በሽታ አስይዟል፤ ያ ፏፏቴ ደግሞ በየጊዜው የሚጸዳና ጥገና የሚደረግለት ነበር። ባክቴሪያው በብዛት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ውስጡ የነበረው ስፖንጅ መሰል አረፋ ነው። እርስዎ ክፍል የሚቀመጡት አረጋውያን፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች ናቸው፤ በሽታው የሚበረታውም በእነሱ ላይ ነው።

ፏፏቴውን ሲያነሡ ታካሚ በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ ሠራተኛው ኤን 95 ጭምብል ያድርግ፤ ውሃው በዝግታ በባልዲ ይቀዳ እንጂ በግፊት ውሃ አይታጠብ። «ለሙከራ አንዴ ላስነሣውና ፍሳሹን ልይ» የሚል ቢመጣ አይፍቀዱለት። የሚነሣ ዕቃ ስለሆነ መፈተን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ እንጨቱ። እንጨት ብለው የገዙት ርብራብ ደንበኛ እንጨት እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ። በገበያ የሞላው ተለጣፊ ርብራብ ብዙ ጊዜ ኤምዲኤፍ በሚባል ከእንጨት ቃጫ በተጨመቀ ሰሌዳ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎ፣ ከጀርባ ጥቁር ጨርቅ የተደረገለት ነው። ማረጋገጫው ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ ነው፤ ያበጠውን ዘንግ ውፍረት ከሥሩና ከደረት ከፍታ ላይ ይለኩ። ከሥሩ ብዙ ሚሊሜትር ወፍሮ ርዝመቱ ግን እምብዛም ካልተለወጠ ኤምዲኤፍ ነው።

ምክንያቱን ትንሽ ላብራራው፤ ይህን የተረዳ ሰው ሁለተኛ በስቱኮ አይታለልምና። ኤምዲኤፍ የሚሠራው እንጨት ወደ ቃጫነት ተፈትቶ፣ ሙጫ ተረጭቶበት፣ በሙቀትና በከባድ ግፊት ወደ ሰሌዳ ተጨፍልቆ ነው። እያንዳንዱ ቃጫ ተጨፍልቆ ቢታሰርም ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ፍላጎቱ አልጠፋም፤ የያዘው ሙጫው ብቻ ነው። የሰሌዳው ፊትና ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን መሐሉ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ውሃ በፊቱ በኩል እምብዛም አይገባም፣ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ግን ይሰረጋል፣ በቃጫዎቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶችም ስበትን ተቃውሞ ሽቅብ ይወጣል። ውሃ ያገኘ ቃጫ ይለሰልሳል፣ ሙጫው ይላቀቃል፣ የታመቀውም እንደ ተለቀቀ ጥቅልል ሽቦ ይዘረጋል። የተጨፈለቀው በውፍረቱ አቅጣጫ ስለሆነ የሚያብጠውም በውፍረቱ ነው። ደንበኛ እንጨት ሲረጥብ ቢያብጥም ሲደርቅ ባመዛኙ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ኤምዲኤፍ ግን ውሃው ቢወጣለትም የተላቀቀው ሙጫ መልሶ ስለማይጣበቅ እንዳበጠ ይቀራል። ለዚህ ነው «አድርቀን እናስተካክለው» የሚለው ሐሳብ የማይሠራው፤ በስቱኮ የተሞላው ስንጥቅም ዙሪያው ሲንቀሳቀስ ተመልሶ የሚከፈተው ለዚሁ ነው።

ያ ሠራተኛ የሠራው ነገር ጥገና አይባልም። ሲሊኮኑ ከጀርባ የገባውን ውሃ መውጫ አሳጥቶት ከርብራቡ ጀርባ ያለው ጂፕሰም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነው የግድግዳ ሰሌዳ) እንዲረጥብ አድርጎታል። የሽታው ምንጭም እዚያ ይመስለኛል፤ የጂፕሰም ቦርድ ወረቀት ለሻጋታ ምግብ ነው፤ ክፍሉ ተዘግቶ ሲያድር ሽታው ይጠራቀማል፣ በር ሲከፈት ይበተናል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሶኬቶች ብሬከር ያጥፉ። ከሕክምና ሰዓት ውጭ፣ ቦታውን በፕላስቲክ ከልለው፣ ሲሊኮኑን ይቁረጡና ያበጡትን ፓኔሎች በሙሉ ያውርዱ። ጂፕሰም ቦርዱ ከለሰለሰ ወይም ከጠቆረ፣ ከሚታየው ምልክት 30 ሴንቲሜትር ያህል አልፈው ይቁረጡት። ከዚያ ክፍት አድርገው ያድርቁት። በእርጥበት መለኪያ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ በየሳምንቱ እየለኩ፣ በዚያው ክፍል ካለ ደረቅ የጂፕሰም ግድግዳ ንባብ ጋር ያስተያዩት፤ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ አዲስ ነገር አይለጥፉ።

ሲመልሱት ርብራቡ ወለል እንዳይነካ ያድርጉ። የወለሉን ቪኒል ክብ ማዕዘን ሰጥተው 15 ሴንቲሜትር ያህል ግድግዳው ላይ ያውጡት፤ ዞኮሎ ተብሎ ከሚለጠፈው እንጨት ይልቅ ይህ መወልወያንም ክሎሪንንም ይችላል። ርብራቡ ከዚያ በላይ ይጀምር፣ ደንበኛ እንጨት ይሁን፣ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ከመሰቀሉ በፊት ሁለት ጊዜ ፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ይጠጣ። ሻጩን የእሳት መቋቋም ደረጃውን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁት፤ ሰነድ የሌለው ነገር ወደ መውጫ በር በሚወስድ መተላለፊያ ላይ አይሰቀልም። በርብራቡ መካከል አቧራ ስለሚቀመጥና በፀረ ተሕዋስያን መጥረግ ስለሚያስቸግር፣ በመጠበቂያው ክፍል ብቻ ይቅር፤ ቁስል በሚታሸግበትና ደም በሚቀዳበት ክፍል ግድግዳው ልሙጥ መሆን አለበት።

ፏፏቴው ሲነሣ ክፍሉ ሕይወት አልባ ይሆናል ብለው እንደሚሰጉ እገምታለሁ። በቦታው መስኮቱን ይጠቀሙበት። የሕክምና ሕንፃ አካባቢ በታካሚ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ያጠናው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ 23 ሕመምተኞች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት 23 ሕመምተኞች ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነው። እነዚያ ተኝተው የሚታከሙ ቢሆኑም፣ ወንበሮቹ ሁሉ ቴሌቪዥኑን ይዩ ከሚባል ግማሾቹን ወደ መስኮቱ ማዞር ወጪ የለውም፤ ውጭው ባዶ ከሆነም ተክሉን እዚያ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ ይትከሉት። አፈር ሻጋታ ስለሚይዝ፣ የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥበትና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ጭራሽ አይግባ። አምፖሎቹንም ይመልከቱ፤ የቀለም ማሳያ መጠናቸው (ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው፣ ጣሪያው 100 የሆነ ቁጥር) ዝቅተኛ ከሆነ እንጨቱም የሰው ፊትም አመድማ ይመስላል፣ ርካሽ አምፖል ጥሩ እንጨትን ሲያዋርድ ብዙ አይቻለሁ።

የውሃ ድምፅ ናፈቀን ብለው ትንሽ የጠረጴዛ ፏፏቴ የሚያመጡ ሠራተኞች አይጠፉም፤ ትንሹም ያው ነው፣ አያስገቡት። ፏፏቴው ተነሥቶ፣ ግድግዳው ተከፍቶ፣ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላም የመለኪያው ንባብ ካልወረደ ግን እኔ የገመትኩት ብቻውን አልነበረም ማለት ነው፤ ያኔ የቧንቧ ባለሙያ ጠርተው የሽንት ቤቱን መስመር በግፊት ያስፈትሹ።