የ2025 የሂት ፓምፕ የታክስ ክሬዲት አልቀረብዎትም፤ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ግን የውስጡን ማሽን ቁጥር ይመልከቱ

እህቴ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤትዎ በኦክቶበር 2025 ሂት ፓምፕ (ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ፣ አንዱ ማሽን ከቤት ውጭ ሌላው ከቤት ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ) በ12,400 ዶላር አስገጥመው፣ ከመብራት ኩባንያው 1,000 ዶላር ሪቤት (የዋጋ ተመላሽ) ተቀብለው፣ ታክስ የሚሠራልዎት ሰው ግን «ክሬዲቱ በአዲሱ ሕግ ቀርቷል» ብሎ እንደመለሰዎት አነበብኩ። እኔም የዚያው አካባቢ ነዋሪ ነኝ፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ብዙ ገንዘብ አጥቻለሁ፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስልዎ።

1ኛ፦ ሰውየው የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። ክሬዲቱ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ዕቃ ላስገጠመ ሰው ከፌደራል ታክሱ ላይ የሚቀነስለት ገንዘብ፣ በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 2032 መጨረሻ እንዲቆይ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም ዕቃ እንዳይሠራ አድርጎ አሳጠረው። የእርስዎ ሂት ፓምፕ በኦክቶበር ተገጥሞ ሥራ ስለጀመረ ቀነ ገደቡ አይነካውም፤ በ2025 የታክስ ማመልከቻዎ ላይ በፎርም 5695 ይጠየቃል። በዚያው ጽሑፍዎ የጠቀሷቸው አዲሶቹ መስኮቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በዲሴምበር ቀብድ ከፍዬ በፌብሩዋሪ 2026 ተገጠሙልኝ ብለዋል፤ ሕጉ የሚመለከተው ዕቃው የተገጠመበትን ቀን እንጂ የተከፈለበትን ቀን ስላልሆነ፣ ለመስኮቶቹ የሚያገኙት የለም። ሻጩ ይህን እያወቀ ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ በጣም አዝናለሁ፤ ነገር ግን ማንም «ደረሰኙ የዲሴምበር ነው» ብሎ እንዲያስገባልዎ አይፍቀዱ፤ ፈርመው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

2ኛ፦ ሪቤቱ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። 12,400 ሲቀነስ 1,000 ሲሆን 11,400 ይቀራል፤ 30 በመቶው 3,420 ዶላር ነው፤ የሂት ፓምፕ ጣሪያው ግን በዓመት 2,000 ዶላር ስለሆነ የሚጠይቁት 2,000 ነው። ይህ ገንዘብ ያለብዎትን ታክስ ብቻ ይቀንሳል፤ ከታክሱ የተረፈው በእጅ አይሰጥም፤ የሶላር (የፀሐይ ኃይል) ክሬዲት ትርፉ ወደሚቀጥለው ዓመት ሲተላለፍ፣ ይህ ግን አይተላለፍም። ብዙ ወገኖቻችን «ሪፈንድ ስለማገኝ ታክስ የለብኝም» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ። ሪፈንድ ከደመወዝዎ በትርፍ የተቆረጠው ሲመለስ ነው፤ ማየት የሚገባዎት በማመልከቻው ላይ የተሰላውን የዓመቱን ታክስ ነው።

3ኛ፦ የማሽኖቹ ቁጥር። እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ያሉትን ሁለቱን በትክክል አሟልቼ ሳለ በዚህ በሦስተኛው ነው የወደቅሁት። በማርች 2024 የቤቴን ማሞቂያ ስቀይር ሻጩ የኤኤችአርአይ (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ አምራቾች ማኅበር) የምስክር ወረቀት አሳየኝ። ወረቀቱ አንድ የውጭ ማሽን ከአንድ የውስጥ ማሽን ጋር ተጣምሮ ሲፈተሽ ያገኘውን ውጤት የሚገልጽ ነው። ክሬዲቱን ለማግኘት ሲኢኢ የተባለው የኃይል ቁጠባ ድርጅት ባወጣው መለኪያ ከፍተኛውን ደረጃ ማሟላት ያለበትም ጥምረቱ እንጂ የውጭው ማሽን ብቻውን አይደለም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በተከላው ቀን ሠራተኞቹ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የውስጥ ማሽን መጋዘን ውስጥ እንደሌለ፣ የያዙት ግን «የዚያው ወንድም» እንደሆነ ነገሩኝ። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ልጆቹም ትንንሾች ስለነበሩ ተስማማሁ፤ ሥራው ተጠናቋል በሚለው ወረቀት ላይም ፈረምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የመብራት ኩባንያው የሪቤት ጥያቄዬን መለሰው፤ በደረሰኙ ላይ ያሉት የሁለቱ ማሽኖች ቁጥሮች በተፈተሹት ጥምረቶች ዝርዝር ውስጥ አብረው አይገኙም የሚል ነበር ምክንያቱ። ያን ጊዜ 900 ዶላር የቀረብኝ መስሎኝ ነበር፤ የታክስ ክሬዲቱም በዚያው ምክንያት መሄዱን የተረዳሁት ፎርሙን ራሴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው። በድምሩ 2,900 ዶላር ማለት ነው። ወደ ኮንትራክተሩ ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ያነጋገረችኝ ሴት አረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ «ፈርመሃል እኮ፤ ማሽኑ ያሞቃል አይደል?» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያ ንግግር ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጥለኛል፤ ምክንያቱም ክሬዲቱን እንደማገኝ ነግሮ የሸጠልኝ ያው ቢሮ ነበር። የተሻለ እንግሊዝኛ የምትናገር እህቴ ደውላም የተለየ መልስ አላገኘችም።

በማግሥቱ ዓመት ግን ማንንም ሳልጠይቅ ሠራሁት። በ2025 ቤቱን በተመሰከረለት ባለሙያ በ400 ዶላር አስፈተሽኩ፤ ለዚህ ክሬዲቱ 30 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 150 ስለሆነ 120 ዶላር ሆነልኝ። ከዚያም ከጣሪያው ሥር ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚከላከል ሽፋን) አስደረግሁ። ኮንትራክተሩ መጀመሪያ የሰጠኝ ደረሰኝ 3,200 ዶላር የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ዕቃውና የእጅ ሥራው ተለይተው እንዲጻፉ አስገደድኩት። ለሂት ፓምፕ የእጅ ሥራው ይታሰባል፤ ለኢንሱሌሽን፣ ለመስኮትና ለበር ግን የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው የሚታሰበው። ዕቃው 1,900 ሆኖ 570 ዶላር ተሰላልኝ። ትልቅ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱን ቁጥር ግን በራሴ እጅ የሞላሁት በመሆኑ እኮራበታለሁ።

እርስዎም ደረሰኙን ብቻ አይመኑ። ወደ ምድር ቤት ወርደው በውስጡ ማሽን ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ያንብቡ፤ ውጭ ወጥተውም የሌላውን ያንብቡ፤ ከዚያ ሁለቱ በምስክር ወረቀቱ ላይ ካሉት ጋር በእያንዳንዱ ፊደል መመሳሰላቸውን ያረጋግጡ። በ2025 ለተገጠመ ሂት ፓምፕ ደግሞ የአምራቹ ባለአራት ምልክት መለያ በፎርም 5695 ላይ መጻፍ ስላለበት፣ ኮንትራክተሩን ይህን በጽሑፍ ይጠይቁት። ታክስ ሠሪዎ አሁንም «ቀርቷል» ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወገኖችም፣ በ2023 ወይም በ2024 አስገጥመው ሳይጠይቁ ከቀሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ በፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል። የ2023ቱን በኤፕሪል 2024 ያስገባ ሰው እስከ ኤፕሪል 2027 ጊዜ አለው።

እህቴ፣ የሁለቱን ማሽኖች የሞዴል ቁጥር ብቻ፣ ስምዎንና አድራሻዎን ሳይጨምሩ፣ እዚህ ይጻፉልኝ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ በተፈተሹት ጥምረቶች ዝርዝር ውስጥ እፈልግልዎታለሁ።