«ዘራችን ድንጉጥ ነው» ላልሽኝ ልጅ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ልጄ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ነገርሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሐይቅ ልጅ ነሽ፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆነሽ የትምህርት ክፍል መምረጫው ደርሶብሻል። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከቤት ርቀሽ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስትፈተኚ እጅሽ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ የመልስ ወረቀቱን ክብ ማጥቆር አቃተሽ። ስታጠቁሪ፣ ስታጠፊ፣ ደግመሽ ስታጠቁሪ 11 ጊዜ ሆነና ላጲሱ ወረቀቱን ላጠው። እናትሽ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘራችን ድንጉጥ ነው፤ አያትሽም እንዲሁ ነበሩ» አሉሽ። ጎረቤት ደግሞ «ጂን ቢሆን ነው» አለ። በኋላ የጠቅላላ ሳይኮሎጂ ኮርስ ስትወስጂ ጭንቀት በአንጎልና በዘር በኩል የሚጠና ነገር መሆኑን ሰማሽ፤ ልብሽም እዚያው ቀረ። «ጋሼ፣ ይህን ለማጥናት የት ልግባ? እንደ እኔ ላለ ፈሪስ ይሆናል ወይ? በዘር የመጣ ከሆነ ተምሬ ምን ልለውጥ?» ብለሻል።

ቃሉ መቼም ያስቃል። ጎረቤቱ ጂን ነው ይላል፤ የባዮሎጂ መጽሐፉም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን የባሕርይ መመሪያ ጂን ይለዋል። በወሎ ትምህርት ቤቶች ለአሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ክፍሉ በሳቅ እንዳይፈርስብኝ «ዘረመል» እያልሁ ነው ያለፍሁት፤ ዛሬም እንደዚያው እላለሁ። ሆኖም ጎረቤትሽን አትናቂው። አንድ የሆነ ነገር ውስጥሽ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብሎ ማሰብ የእርሱ ብቻ ስህተት አይደለም። ሳይንሱም በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንጎሉን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረድሽበትን ቀን አስቢ። ሚኒባሱ መታጠፊያውን ዞር ሲል ከባድ መኪና ፊት ለፊት ይጋረጣል። እጅሽ የፊተኛውን ወንበር ጨብጧል፤ እግርሽ የሌለ ፍሬን ረግጧል። «መኪና መጣ» የሚለው ሐሳብ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጆሴፍ ለዱ የተባለው የኒውዮርክ ተመራማሪ በአይጦች አንጎል ውስጥ የተከታተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአቋራጭ አሚግዳላ ወደሚባለው ሌላ የአንጎል ክፍል ይሮጣል፣ ሌላው በአንጎል ቅርፊት በኩል ዞሮ፣ ነገሩን አጣርቶ ይመጣል። አሚግዳላ ስሙን ያገኘው ከግሪክኛው የለውዝ (የአልሞንድ) ፍሬ ነው፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለ። እርሱ ሲቀሰቀስ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ቆየት ብሎ ኮርቲዞል ይከተላል። ሆድሽን ባር ባር የሚልሽ፣ ጉሮሮሽ የሚደርቀው፣ እጅሽም የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው። የፈተና ወረቀት ከባድ መኪና አለመሆኑን ቅርፊቱ ያውቃል፤ አቋራጩ መንገድ ግን ይቀድመዋል።

«እንግዲያው ፍርሃት አሚግዳላ ነው» ብለሽ እንዳትዘጊው። በጥናት ጽሑፎች «ኤስ ኤም» ተብላ የምትጠራ አንዲት አሜሪካዊት አለች፤ በሁለቱም በኩል አሚግዳላዋን በሽታ አጥፍቶባታል። እባብ በእጇ ይዛ ታገላብጣለች፤ ሰው የሚሸሸው ነገር እርሷን ያጓጓታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ግን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር እንድትስብ ሲደረግ ያቺው ሴት በድንጋጤ ተርበተበተች። ለዱ ራሱም በኋላ «አሚግዳላ አደጋን ለይቶ ሰውነትን ያዘጋጃል፤ ፈራሁ የሚለው ስሜት ግን ሌላ ሥራ ነው» ወደሚል ሐሳብ መጥቷል። ይህን የምነግርሽ አዲስ ተማሪ ሁሉ አንድ የአንጎል ክፍል ይዞ ስለሚሮጥ ነው።

አሁን ወደዚያ ጉድጓድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ክላውስ ፒተር ሌሽና ባልደረቦቹ 505 ሰዎችን መርምረው ሴሮቶኒን የተባለውን ኬሚካል መልሶ የሚሰበስበውን ፕሮቲን የሚያዝዘው ዘረመል አጭርና ረጅም ዓይነት እንዳለው፣ አጭሩ ያላቸውም ለጭንቀት ቀረብ የሚሉ እንደሆነ ጻፉ። ልብ በይ፣ እነርሱ ራሳቸው ያሉት ከሰው ሰው ያለውን ልዩነት ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ያስረዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ 847 የኒውዚላንድ ወጣቶችን አጥንተው አጭሩ ዘረመል ያላቸው መከራ ሲደራረብባቸው ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣሉ አሉ። ወሬው በዓለም ተዳረሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተከተሉት። እኔም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «የጭንቀት ዘረመል ተገኘ» ብያለሁ፤ ይህን የሰሙ ተማሪዎቼ ዛሬ ልጆች እያሳደጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንንና መሰሎቹን 18 ዝነኛ ዘረመሎች ወስደው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ላይ ለድብርት ፈተሿቸው። በዕጣ ከተነሡ ዘረመሎች የተሻለ ምንም አልተገኘባቸውም።

ምን ነበር ስህተቱ? የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ መሆኑ፣ ያሰቡትን ያገኙት ብቻ ማሳተማቸው፣ በአንድ ዘረመል ላይ ይህን ሁሉ መጫናቸው። ዛሬ የሚታወቀው ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ኢምንት እየጨመሩ መሆኑ ነው። ጎረቤትሽ የሚያባርረው አንድ ጂን ቢሆን ኖሮ እኛም ሥራችን ይቀልል ነበር።

እናትሽ ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም። መንትዮችን በማነጻጸር የተሠሩ ጥናቶች የጭንቀት ሕመሞች የዘር ድርሻ ከ30 እስከ 50 በመቶ አካባቢ እንደሆነ ያሳያሉ። ይህ ቁጥር በብዙ ሕዝብ መካከል ስላለ ልዩነት የሚናገር ነው። አንቺን ለብቻሽ ነጥሎ «ከድንጋጤሽ ይህን ያህሉ የአያትሽ ነው» ማለት፣ የቀመሱት ወጥ ስንት እጁ ከበርበሬው፣ ስንት እጁ ከእሳቱ ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ደግሞስ በአንድ ቤት የሚወረሰው ደም ብቻ ነው? አያትሽ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እናትሽን አዝለው ከቀያቸው ወጥተዋል። አንቺ ራስሽ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጅ ነበርሽ። በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ያሳደገው ልጅ በር ሲንኳኳ መደንገጥን ይማራል፤ ለዚህ ዘረመል አያስፈልግም። ይህ ለምርምር የሚሆን ርዕስ አይደለም ብለሽም አታስቢ። ራያ ቆቦ ላይ በዚያ ረሃብ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ሰዎች ጎልማሳ ሆነው ጤናቸው ተመርምሯል፣ ተጽፏልም። ያ ጥናት የሰውነትን ነው፤ የልብን ድንጋጤ የሚያጠና ሰው ቦታ አለው።

እንግዲህ የት ትገቢያለሽ? «ኒውሮሳይንስ» (የአንጎል ሳይንስ) የሚል በር ፈልገሽ ምርጫ ቅጹ ላይ አትድከሚ፤ መንገዱ በሌላ ስም ነው የሚያልፈው። ሰው አስቀምጠሽ ማዳመጥ ከወደድሽ አንደኛው መንገድ ሕክምና ነው፤ ከሐኪምነት በኋላ በሳይካትሪ፣ ማለትም በአእምሮ ሕክምና፣ ስፔሻላይዝ ማድረግ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ለዚህ ባሕር ይሻገሩ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሌሊት ተረኝነትም አለበት፤ ውጤትሽም መድረስ አለበት። ሁለተኛው በሳይካትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ትምህርት ክፍሉ አለ፤ ጎንደርና ጅማም አለ። ከእነዚህ የሚወጣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሕመምተኛ ያያል፣ ሁለተኛ ዲግሪም ይቀጥላል። ሳይኮሎጂ ደኅና ነው፤ ብቻ ብዙ ልጆች የራሳቸውን ኀዘን ሊፈቱበት ይገቡና ሦስተኛው ዓመት ላይ ይሰለቻቸዋል። ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ላቦራቶሪ ለሚወድ ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ግን ሥራው ጠባብ ነው። ይህን የምለው የባዮሎጂ ምሩቅ ሆኜ ነው፣ አትቀየሚኝ።

የትኛውንም ብትመርጪ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ስታቲስቲክስ። ኮርሱን ለማለፍ ያህል አላልሁሽም፤ እስኪገባሽ ድረስ። ከላይ ያየሽው የሃያ ዓመት ስህተት የአንጎል እውቀት በማጣት አልመጣም፣ ቁጥር ባለማክበር እንጂ። ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በነጻ ይገኛል፤ ክረምቱን ተለማመጂው። ለምን መሰለሽ? እስካሁን በዓለም የተሰበሰበው የዘረመል መረጃ አብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር የመጣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር ሆኖ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር የሚባሉትን ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ለማጥናት ከሰዎች ምራቅ ዘረመል የሰበሰበበት ትልቅ ጥናት አለ። እንዲህ ያለ ሥራ ምራቁን የሚቀበል ነርስ፣ ጥያቄውን ባማርኛ የሚያስተካክል ሰው፣ ቁጥሩን የሚፈታ ሰው ይፈልጋል። ባማርኛ ብቻ እንኳ «ጭንቀት» እና «ሆዴን ባር ባር አለኝ» አንድ መሆናቸውን ማን ይወስናል? የፈረንጅ መጠይቅ ሆድን አይጠይቅም።

የእኔ ምርጫ ላንቺ ሳይካትሪ ነው፣ ከጎኑ ስታቲስቲክስ፤ ከዚያ በኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም ሕመም በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ በሚያጠናው ሙያ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ላይ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሽ ጽፈሻል፤ 11። እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚቆጥር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ለፈሪ ይሆናል ወይ ላልሽው መልሴ እሱ ነው።

መንቀጥቀጡን ግን ለትምህርቱ አታቆይው። ተምሬ ራሴን አድናለሁ ማለት ወረፋን ስድስት ዓመት ማራዘም ነው። እንቅልፍ፣ ምግብና ክፍል መግባት ለሳምንታት ከከለከለሽ ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን የምክር አገልግሎት ጠይቂ፤ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ (የቀድሞው ሪፈራል) ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልሽም፤ ሐኪሙ ጋ መሄድን ግን አይተኩም። በዘር መጣ ማለት አይነካም ማለት አይደለም። አሚግዳላ የተማረውን አይረሳም፤ ከበላዩ አዲስ ትምህርት ይደረብበታል እንጂ፤ እሱም የሚደረበው በመሸሽ አይደለም። በየቅዳሜው ባዶ ክፍል ፈልገሽ፣ ሰዓት ፊትሽ አስቀምጠሽ፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ሥሪ። መጀመሪያ 20 ደቂቃ፣ በሳምንቱ 40፣ ከዚያ ጓደኛሽን ፈታኝ አድርገሽ አቁሚያት። እጅሽ ይንቀጥቀጥ፤ እስኪበርድ ድረስ አትነሺ። አያትሽ «አብሽሪ» የሚሉሽን ቃል ይዘሽ ብትገቢም ግድ የለም። ብዙ ሐኪም እንደዚያ ያለ ቃል የለውም።

የምርጫ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ውጤትሽን ይዘሽ ደሴ ነይ። ስትመጪ አንድ የቤት ሥራ ይዘሽልኝ ነይ። ከአያትሽ ጀምሮ ያለውን ቤተሰብ በወረቀት ሣይው፤ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ፤ የዘረመል ሰዎች የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ድንጉጥ የሚባለውን አጥቁሪው። ከዚያ በእያንዳንዱ የጠቆረ ምልክት ጎን እናትሽን ጠይቀሽ አንድ መስመር ጻፊ፤ መደንገጥ የጀመረው መቼ ነው? ያ ዓመት ምን ነበር? ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ነኝ።