ቁማርን እያወገዘ ለምን ይቆምራል?

ውድ ጠያቂያችን፣ ባለቤትዎ በስልኩ የስፖርት ውርርድ ከጀመረ ወዲህ ጥሪታችሁ መሟጠጡን፣ ዕዳውን ሁለት ጊዜ ከፍለውለትም ተመልሶ መግባቱን ጽፈውልናል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳመመዎት ግን ታናሽ ወንድሙን «ቁማር ቤት ያፈርሳል» ብሎ አጥብቆ በመከረበት ዕለት ሌሊት፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ሲወራረድ ማግኘትዎ ነው። «ለወንድሙ የተናገረው ለማስመሰል ነበር?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ከልቡ የተናገረው ይመስለኛል። በቁማር ሱስ የተያዘ ሰው ቁማርን ይወዳል፣ ያልተያዘው ይጠላል የሚለው ግምት ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል፤ ቁማርን ከማንም በላይ አምርረው የሚያወግዙ ሱሰኞች ብዙ ናቸውና። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ስለሚቀጥለው ውርርድ ባላቸው አመለካከት ነው። ሱስ የሌለበት ሰው የተበላውን ገንዘብ እንደ ወጪ ቆጥሮ ይተወዋል፤ ሱሰኛው ግን ገንዘቡ አሁንም የእሱ እንደሆነና አንድ ጥሩ ዕድል እንደሚመልስለት ስለሚያምን፣ መበላቱ ራሱ ለመቀጠል ምክንያት ይሆነዋል። «የተበላሁትን ላስመልስና አቆማለሁ» ሲል ሳይሰሙት አልቀሩም። የብዙ ጨዋታዎች ውጤት ተገምቶበት በአንዱ ብቻ የከሸፈ የውርርድ ትኬት ለእርስዎ ሽንፈት ነው፤ ለእሱ ግን «ለጥቂት አመለጠኝ» ነው፣ አንጎሉም ለጥቂት መሳትን ከማሸነፍ ጋር በተቀራረበ መንገድ ይቀበለዋል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከዕፅ ሱሶች ጋር በአንድ ምዕራፍ አስፍሮታል። ከ9ኙ መለያ ምልክቶች መካከል የተበሉትን ለማስመለስ መመላለስ፣ መዋሸትና ዕዳን ሌላ ሰው እንዲከፍል መጠበቅ ይገኙበታል።

ስለዚህ ስለ ቁማር ጎጂነት መከራከሩን ይተዉት፤ በዚያ ላይ ተስማምታችኋል። ረጋ ባለ ሰዓት፣ ወቀሳ ሳይጨምሩ፣ «የተበላኸው ገንዘብ ፈጽሞ አይመለስም ብለን ብንነሳ፣ ለመወራረድ ምን ምክንያት ይቀርሃል?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ሳያቋርጡ ያድምጡት። ዕዳውን ዳግመኛ አይክፈሉለት፤ ይህ ጭካኔ እንደሚመስልዎት እረዳለሁ፣ ነገር ግን የተከፈለለት ዕዳ ለእሱ አዲስ መነሻ ገንዘብ ይሆናል። የቤቱን ገንዘብ በእሱ ፈቃድ እርስዎ ይያዙት። «የተበላሁት ይመለሳል» የሚለውን እምነት ከሥሩ የሚፈትሽ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና አለና ወደ ባለሙያ አብራችሁ ሂዱ። በቁማር ሱስ የተያዙ ሰዎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሊያስቡ ስለሚችሉ፣ ሕይወቱን እንደጠላ የሚገልጽ ቃል ከሰሙ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ብቻውንም ሳይተዉት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።