ኢአርፒ ልታስገቡ ከሆነ የክፍል ኃላፊዎቹን አትዝለሉ

ሰላም እህቴ። «የጅምላ አከፋፋይ ነን፤ በሐምሌ ኢአርፒ እንጀምራለን፤ ሥራ አስኪያጃችን ትርፉ በስድስት ወር ይታያል ይላል፤ እውነት ነው?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኛም አዲስ አበባ ያለን አከፋፋዮች ነን፤ ኢአርፒ፣ ማለትም ግዢን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭንና ሂሳብን አንድ ላይ የሚያያይዝ የኮምፒውተር ሲስተም፣ አስገብተናል፤ እኔ የሂሳብ ኃላፊ ነኝ። በስድስት ወር አይታይም። የእኛ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት እንዲያውም ከበፊቱ የባሰ ነበር።

1. ሥልጠናው ለላይና ለታች ብቻ አይሁን። የኛ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሽያጩን በስልኩ እንዲያይ ተደረገለት፤ ደስ አለው። ስቶር ኪፐሮቹና ካሸሮቹ ሦስት ቀን ሠለጠኑ። እኛ ኃላፊዎቹ ግን ሥራ በዛብን ብለን ግማሽ ቀን ቁጭ ብለን ወጣን። እኔም ጭምር።

ከዚያ ምን ሆነ? ስቶር ኪፐሯ ዕቃውን ሲስተሙ ላይ ትመዘግባለች። የግዢ ኃላፊው ሲስተሙን ስለማያምን ማታ ማታ በኤክሴል ሠርታ በቴሌግራም እንድትልክለት ያዛታል። ቢን ካርዱም (መጋዘን ውስጥ በእጅ የሚሞላው የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ) አልቀረም። በጥቅምት ኤክሴሉን አይቶ «ሳሙና አልቋል» አለ፤ ገዛን። ለካ 600 ካርቶን ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ አለ። ሲስተሙ ላይም ተመዝግቧል፤ ከፍቶ ያየው ሰው ግን የለም። ለገና ሽያጭ የሚያስፈልገን ገንዘብ ሳሙና ላይ ታስሮ ቀረ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈው ደግሞ ለእሷ ነው! እስካሁን ያናድደኛል።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። «ስንት ቀረን?» ሲባል መልሱ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነበር። ሲስተሙ ይህን ወሰደበት። አለቃውም ሠራተኛውም ቁጥሩን እኩል ሲያዩ መሃል ያለው ሰው ቦታዬን አጣሁ ብሎ ይፈራል። ይህን አስቀድሞ ያስረዳው አልነበረም።

2. ውሉ ላይ የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ ጳጉሜንም ጭምር አስጽፉ። የኛ ሲስተም የመጣው የበጀት ዓመቱን ከጃንዋሪ የሚጀምር ሆኖ ነው። አስተካክሉልን ልንል የሸጠልን ድርጅት ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በሦስተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ካቆየን በኋላ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ውል ላይ የለም» አለን።

3. ሁለት መንገድ ክፍት አትተዉ። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲሆን ሾፌሮቻችን ወዲያው ለመዱት። ሌላ አማራጭ አልነበራቸውማ። ከገና በኋላ አለቃችንን ለምኜ የሰኞው ስብሰባ ሲስተሙን ከፍተን ብቻ እንዲሆን አስደረግኩ። በኤክሴል ሪፖርት ማቅረብ ቀረ። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት መጋዘን ገብቼ ከስቶር ኪፐሯ ጎን ተቀመጥኩ። እሷ በካርቶን ትቆጥራለች፤ ሲስተሙ በፍሬ! ልዩነቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነበር። የሰኔ ቆጠራ ድሮ ዘጠኝ ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ዘንድሮ በሦስት ቀን ጨረስን። ለዚያች ልጅም የምስጋና ደብዳቤ አስጽፌላታለሁ።

ውሉን ገና ካልፈረማችሁ የግዢ ኃላፊያችሁን ይዛችሁት ሂዱ። የበጀት ዓመቱን አንቀጽ በኋላ እንዴት እንዳስገባነው ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።