መልስ፦ ማርሻል ለሰጠው ወታደር ምን አገኘ?

በ1918 የኒውዮርክ የቼዝ ጨዋታ (ካፓብላንካ ነጭ፣ ማርሻል ጥቁር) ማርሻል የሰጠው ወታደር በከንቱ ሄደ ወይ ላልከው፣ አልሄደም። በ8ኛው እርምጃ የጥቁር ወታደር ወደ ዲ5 (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳውን ካሬ ይጠቁማሉ) ተገፍቶ ነጭ ኢ5ን በግንብ ሲለቅም፣ ዲ2 ላይ ያለው የነጭ ወታደር አልተነቃነቀም፤ ከጀርባው ጳጳስ፣ ፈረስና ግንብ ተኝተዋል። ጥቁር በወታደሩ ምትክ ያተረፈው ይህን ጊዜ ነው።

ችግሩ የማርሻል 11ኛ እርምጃ ነው፦ የጥቁር ፈረስ ከዲ5 ወደ ኤፍ6 ተመለሰ፣ የኢ5 ግንብም ሳይነካ በሰላም ወደ ኢ1 ሸሸ። ከዚህ ጨዋታ በኋላ በሌሎች ጨዋታዎች የተለመደው ምትክ፣ ወታደር ወደ ሲ6፣ ፈረሱን መሃል ያቆየዋል፤ ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ4 ሲገፋ የጥቁር ጳጳስ ዲ6 የሚወጣው የኢ5ን ግንብ እየመታ ነው፣ ከዚያ የጥቁር ንግሥት ወደ ኤች4 ትሄዳለች።

የካፓብላንካን 14ኛ እርምጃ፣ ንግሥት ወደ ኤፍ3፣ በደንብ እየው። ጂ4 ያለውን የጥቁር ፈረስ በወታደር ቢበላ የጥቁር ንግሥት ኤች4 ደርሳ ኤች2ን ታስፈራራለች፤ ካፓብላንካ ግን ሳይበላ የኤፍ7ን ወታደርና የኤ8ን ግንብ ባንድ ጊዜ አስፈራራ። ድንቅ መከላከል!